ለድንኳን ተጨቃጭቀን ለውሃ ዝም

የአዳማ ዙሪያ ሰዎች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ራሴንም ጭምር።

ሰሞኑን አንድ የገጠር ቀበሌ ስብሰባ ተጠርተን ነበር። ስሙን ልተወው። ያደግኩት እዚያ ነው፣ ወላጆቼም ዛሬ ድረስ እዚያ ናቸው። "ኅብረተሰቡ ራሱ የሚያወጣው የልማት ዕቅድ" ተባለ። ዕቅዱ ግን ተጠርዞ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሏል። የጽሕፈት ቤቱ አጥር፣ የብረት በር፣ የአዳራሹ ጣሪያ። ስለ ውሃ አንድ መስመር የለውም።

አንዲት እናት የልጅ ልጃቸውን ይዘው ከኋላ ተነሡ። በኦሮምኛ "ስለ ውሃው አንድ ነገር ልበል" አሉ። ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ። እሳቸውም ብዙ አላወሩም። ልጁን ወደ ፊት ገፋ አደረጉና "አፍህን ክፈት" አሉት። ከፈተ። 9 ዓመት ቢሆነው ነው። የፊት ጥርሶቹ የዛገ ቆርቆሮ ይመስላሉ፣ ጫፋቸውም ተሸራርፏል። ከኋላ አንዱ ሳቀ። ሳቁ ተዛመተ። ልጁ አፉን በእጁ ሸፈነ።

"እናቴ፣ ይሄ ከአጀንዳ ውጪ ነው። የተቃወመ? ድምፀ ተአቅቦ? በሙሉ ድምፅ ጸድቋል!"

ጭብጨባ። እኔም አጨበጨብኩ።

ያ ሳቅ ከጆሮዬ አልወጣም። ከሳቁት ግማሾቹ እኮ ጥርሳቸው እንደ ልጁ ነው። የእኔስ? ፎቶ ስነሣ ከንፈሬን የምገጥመው ለምን መሰላችሁ?

የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም አይለፍ ይላል። ሲበዛ መጀመሪያ የልጅ ጥርስ ያበላሻል፣ ዓመታት ሲጠጣ ደግሞ አጥንት ውስጥ ይገባል። ወንጂ ላይ ወገባቸው አልታጠፍ ያላቸውን የስኳር ፋብሪካ ጡረተኞች ያየ ያውቀዋል። ማፍላትም አይረዳም፤ ውሃው ይተናል እንጂ ፍሎራይዱ እዚያው ይቀራል።

አፍ የሌለን ብንሆን ይገባኝ ነበር። እድር ላይ ግን ለአንድ ድንኳን ሦስት ሰዓት እንጨቃጨቃለን። የጎደለች ብርጭቆ ሳትገኝ ማን ወደ ቤቱ ይሄዳል? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 በሚመለከተን ፕሮጀክት ሐሳባችን እንዲጠየቅ መብት ሰጥቶናል። ይኸው ተጠየቅን።

እኔ ለምን ዝም አልኩ? በር ላይ ለስላሳ ይታደል ነበር። ሳያልቅብኝ ልውጣ ብዬ እንዳልሆነ ብምልላችሁ ደስ ይለኝ ነበር። አልምልም።

እባካችሁ፣ ለሚቀጥለው እንኳ እንደ እድሩ እንጨቃጨቅ። ከአጥሩ በፊት ውሃው ይመርመር፣ ቃለ ጉባኤ ላይም ይስፈር እንበል። ይሰሙናል ወይ? እንጃ።

እሑድ እኚያን እናት ቦኖው ጋ አገኘኋቸው። ልጁ አብሯቸው የለም። አንገቴን ደፍቼ ሰላም አልኳቸው።

"ቀጣዩ ስብሰባ መቼ ነው?" አሉኝ።

"አላውቅም እናቴ።"

"ስትሰማ ንገረኝ" አሉና ጄሪካኑን እንዳሸክማቸው ጀርባቸውን ሰጡኝ።