ካሜራ የያዘው ሰው ስንት ግራም ነው?

ሰሞኑን «ብቻዬን የአጋዘን ብልት ሳወጣ» የሚል የአደን ቪዲዮ አየሁ። ሰውዬው ጫካ መሃል ቆሞ ሸክሜ ቀላል ነው ለማለት ዕቃውን አንድ በአንድ እያነሳ ክብደቱን ይነግረናል። ቢላው 70 ግራም። ገመዱ 40 ግራም። ጓንቱ 10 ግራም። እሰየው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ታፋውን ሲጀምር ካሜራው ዞሮ በጀርባው በኩል መጣ። ቀረብ ብሎም የእጁን አያያዝ አሳየን። ወንድሜ፣ ካሜራው እግር አወጣ እንዴ?

ውሸቱን እንኳ ልለፈው። ግን የብቻ ሥራ ዋናው ጣጣ እኮ ሦስተኛ እጅ ማጣት ነው። ሁለት ሰው ሲኮን አንዱ የአጋዘኑን እግር ከፍቶ ይይዛል፤ ሌላው ይቆርጣል። ብቻህን ስትሆን የኋላ እግሩ ተንሸራቶ ይመለስና ክንድህ ላይ ይተኛል። በትከሻህ ትገፋዋለህ፤ ይመለሳል። የዚያች ቀጭን ገመድ ዋጋ የሚታወቀው ያኔ ነው። ቁርጭምጭሚቱን አስረህ ወደ ዛፍ ትወጥረዋለህ። ዛፉ ይይዝልሃል። ዛፍ ደግሞ ወሬ አያበዛም።

አንድ የምወደው ተረት አለ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።» ግሩም ነው። ቅሬታዬ አንድ ብቻ ነው፦ ያ አንድ ሰው ሲሸከም አርባ ዘጠኙ የት ነበሩ? እኔ ልንገራችሁ፤ ወገባቸውን አሟቸው ነበር።

አብሮኝ አደን ይወጣ የነበረ ሰው አለ። ስሙን አልጠራም፤ ራሱን ያውቃል። ዱካ ስንከተል ከፊት ነው። ፎቶ ስንነሳ ቀንዱን የሚይዘው እሱ ነው። ቢላ ሲመዘዝ ግን ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ይወጣል። ሲመለስ ሥጋው ከረጢት ገብቷል። «ውይ፣ ጨረስክ እንዴ? ምነው ብትጠብቀኝ!» ይላል። የሚሸከመውን ምረጥ ሲባል ልቡን ያነሳል። ከሙሉ አጋዘን ላይ ልቡን! ለእሱማ እውነትም ጌጥ ነው። ከእንዲህ ያለው ጋር ከመሄድ ብቻ መሄድ ይሻላል፤ ቢያንስ የአንድ ሰው ምሳ ይቀንሳል።

ደግሞ ግራሙ! 70 ኪሎ የሚመዝን አጋዘን ከአጥንት ሲለይ 25 ኪሎ ገደማ ሥጋ ይወጣዋል። ያንን ልትሸከም ወጥተህ ከቢላህ ላይ መቶ ግራም ታተርፋለህ? ዕቃው በቀለለ ቁጥር ዋጋው የሚከብደውስ ለምንድን ነው? ምላጩ የሚቀያየረው ቢላ ለቆዳ መግፈፍ አቻ የለውም፤ እሺ። መጋጠሚያ ውስጥ ከተህ ጠምዘዝ ስታደርገው ግን ቀጭ ይላል። ከዚያ ስባሪውን ሥጋ ውስጥ በጣት መፈለግ ነው። በ10 ግራም ጓንት!

ሸክም መቀነስ የፈለገ፣ ሕጉ ከፈቀደለት፣ አጥንቱን ይተው። ሆዱን መክፈት እንኳ አያስፈልግም። የአንዱን ጎን ቆዳ ገፈህ ወርቹን ታነሳለህ። ወርች ከጎድን ጋር የተያያዘው በሥጋ ብቻ ስለሆነ ትንሽ ቢላ ይበቃዋል። ቀጥሎ ሽንጡን፣ ታፋውን ከዳሌው መጋጠሚያ፣ የአንገቱን ሥጋ፤ ከዚያ ገልብጦ መድገም። መጋዝ ቤት ይዋል። ቆዳውን ደግሞ ከውስጥ ወደ ውጭ ቅደደው፤ ከላይ የቆረጠ ሰው ፀጉር ሲለቅም ይመሽበታል።

ይቀላል ብሎ ትኩስ ሥጋ ላስቲክ ውስጥ የሚያፍን ሰውማ አለ። ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ ያልበዋል፣ ይበላሻል። ያ ሁሉ ልፋት ለላስቲክ! አየር የሚያሳልፍ የጨርቅ ከረጢት ያዝ፤ ጥላ ሥር ስቀለው። 25ቱን ኪሎ በአንዴ አወጣለሁ ብለህም አትጋጋጥ፤ ሁለቴ ተመላለስ። በሁለተኛው ዙር ሳይመሽ አይቀርም፤ የግንባር መብራት ያስፈልግሃል። እሱንም ለማቅለል ብሎ ትርፍ ባትሪውን ቤት ጥሎ የሚወጣ አለ አሉ።