እግር ያለው ወይን

ወይን ጠጅ መቅመስ ከጀመርኩ አንድ ዓመት ሞላኝ። መጠጣት አላልኩም፤ የሚጠጣማ ማንም ነው። ቀማሽ ብርጭቆውን ያዞራል፣ ያሸታል፣ ወደ ብርሃን አንሥቶ ይመረምራል፣ ጥቂት ተጎንጭቶ በአፉ ውስጥ ያንቀረቅባል፣ በመጨረሻም ይተፋል። እኔ የምቀምሰው ከአንድ ዶሮ ዋጋ የማይበልጥ ቀይ ወይን ስለሆነ መትፋቱን አብዛኛውን ጊዜ እረሳዋለሁ።

ዘንድሮ ለጥምቀት ደብረ ማርቆስ ስሄድ ባቱ ከሚበቅለው ወይን የተሠራ፣ ሜርሎ የሚባል አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን ይዤ ነበር። ቀኑንም መርጬዋለሁ፤ ጥር 12፣ ቃና ዘገሊላ። ውኃው ወይን በሆነበት ቀን ወይን ይዞ ከመምጣት የበለጠ ምን ጨዋነት አለ? የሚካኤልን ታቦት ሸኝተን አክስቴ ቤት ገባን። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቧል። ከላይ የተቀመጡት የኔታ ናቸው፤ ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ተምረው የመጡ፣ አንድ ቃል ሁለት ጊዜ ካላገላበጡ የማይውጡ ሰው።

ጣጣው ከመክፈቻ ጀመረ። ስለ ቡሽ ብዙ አንብቤያለሁ፤ ቡሽ መንቀያ ግን አልያዝኩም። በማማሰያ እጀታ ወደ ውስጥ ገፋነው። አክስቴ ብርሌ ደረደረች። ብርሌ ለወይን የተፈጠረ ዕቃ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ጠባብ፣ መዓዛ አያስመልጥም። ችግሩ አፍንጫ አያስገባም። ሞክሬ አይቼዋለሁ። በውኃ ብርጭቆ ተለወጠልን።

ቀይ ወይን የሚጠጣው ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ባለው ሙቀት መሆኑን አስረዳሁ። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠችው ማርቆስ በጥር ወር ቤቱን በሙሉ የወይን ማቀዝቀዣ ታደርገዋለችና እድለኞች ነን አልኩ። አክስቴ ከዚህ ሁሉ የሰማችው ብርድ የሚለውን ብቻ ነው። የከሰል ምድጃውን አምጥታ ጠርሙሱ ሥር አስጠጋችው።

ከዚያ ቀመስኩ። አዞርኩ፣ አሸተትኩ፣ በመስኮቱ ብርሃን አየሁ፣ በአፌ አንቀረቀብኩና በር ላይ ወጥቼ ተፋሁ። ስመለስ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ሁሉም ብርጭቆውን አስቀምጧል።

ለካ እኛ ዘንድ ቅምሻ ሌላ ትርጉም አለው! የሚቀዳ ሰው መጀመሪያ በመዳፉ ጠብ አድርጎ የሚቀምሰው ሌላው ሳይሰጋ እንዲጠጣ ነው። እኔ ደግሞ በገዛ እጄ ያመጣሁትን መጠጥ እንደ ተጠራጠረ ሰው አሽትቼ፣ መርምሬ፣ ይባስ ብዬ ተፍቼ ገባሁ።

«የኔ ልጅ፣ ምን አገኘህበት?» አለች አክስቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ቆዳ» አልኳት።

ማንም አልተነፈሰም።

«ራቅ ብሎ ደግሞ ትንሽ ትምባሆ አለ።»

የኔታ አማተቡ። ትምባሆውን ወደ ጎን ትተው ስለ ቆዳው ጠየቁ። የምን እንስሳ ነው? የታረደውስ በማን እጅ ነው? እኔ ይህን ለማስተካከል ብዬ የባሰውን ተናገርኩ፤ ወይኑ አካል እንዳለው፣ አፍንጫው ጥሩ እንደሆነ፣ እግሩም ረጅም እንደሆነ። በብርጭቆው ግድግዳ ላይ የሚወርደውን እንባ መሰል ነገር አሳየኋቸው። እግሩ የሚናገረው ስለ አልኮሉ መጠን እንጂ ስለ ጥራቱ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ያወቅሁትን ሁሉ ብናገር ግን ቀማሽ መባሌ አይቀርም?

እ.ኤ.አ. በ2001 ስለታተመው፣ በፈረንሳይዋ የወይን ከተማ በቦርዶ ስለተደረገው ጥናትም ትንፍሽ አላልኩም። እዚያ 54 የወይን ተማሪዎች በቀለም ቀይ የተደረገ ነጭ ወይን ተሰጥቷቸው፣ ለቀይ ወይን በሚነገሩ ቃላት ዘርዝረው ገልጸውታል። ይህ የኔታ ጆሮ ቢደርስ አንድ ዓመት ሙሉ ይቀኙብኝ ነበር።

የኔታ ብዙ አሰቡ። «ሰሙን ሰማሁት» አሉ በመጨረሻ፤ «ወርቁ የት አለ? የቃናው አሳዳሪ እኮ ቀምሶ መልካም ነው አለ እንጂ ቆዳ ቆዳ ይላል አላለም።»

ወርቅ አልነበረኝም። ለመሸሽ ስለ ጭስ አወራሁ፤ ፈረንጆች የበርሜሉን ውስጥ በእሳት እንደሚለበልቡት፣ ወይኑም ከዚያ ጠረን እንደሚወስድ። አክስቴ ፊቷ በራ። «እንስራ ያጥናሉ በለኛ! በወይራ ነው?» ወይራ እንዳልሆነ ስነግራት ከንፈሯን መጠጠች። የኔው ጠርሙስ በዋጋው በርሜል አይቶ የሚያውቅ እንደማይመስል ግን አልነገርኳትም።

ለእኔ ስትል አንድ ጉንጭ ወሰደች። «አፍ ያደርቃል» አለች፣ ፊቷን አጨማዳ።

«ታኒን ነው!» ብዬ ዘልዬ ተነሣሁ። «እንደ ወፍራም ሻይ! ከፍሬው ዘርና ከፍሬው ቆዳ የሚወጣ ነው፤ ቀለሙም የሚመጣው ከቆዳው ነው።»

የኔታ ቀና አሉ። «ከፍሬው ቆዳ?»

«አዎ የኔታ።»

«እንዲህ አትልም ታዲያ! ሰሙ የከብት፣ ወርቁ የፍሬ!» ብለው ጉልበታቸውን መቱ። ቤቱም እፎይ አለ። ቀማሾች ቆዳ የሚሉት የጫማና የኮርቻውን ጠረን መሆኑን ማስረዳት ነበረብኝ፤ ነገር ግን የኔታ ብርጭቆውን አንሥተው ነበር። ግማሽ ላይ ሲደርሱ አክስቴ ማሰሮ ይዛ መጣችና የሁሉንም ብርጭቆ በብርዝ ሞላችው። በማስታወሻ ደብተሬ ላይ «ጎልቶ የሚታይ የጎጃም ማር» ብዬ ጻፍኩ።

ስሰናበት ጠርሙሱን እንድተውላት ጠየቀችኝ። «ጠርሙሱስ መልካም ነው» አለች፣ እያገላበጠች።

ለፋሲካ ስመለስ ጠርሙሱ መደርደሪያው ላይ ቆሟል፤ ሜርሎ የሚለው ወረቀት እንዳለ ነው፣ ውስጡ ግን እንደ ምንጭ ውኃ ጠርቷል። የኔታ በመለኪያ ተቀድቶላቸው ሳያሸቱ፣ ሳያዞሩ ጨለጡትና ዓይናቸው እንባ እንዳቀረረ ወደ እኔ ዞሩ።

«ያን ጊዜ ይኸኛውን ብታመጣ ምን ነበረበት?» አሉኝ።