ከዋጋው በፊት ወለሉን ለኩ
ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ርካሽ የማደሪያ ቫን (ውስጡ አልጋ ያለው መኪና) ስንመርጥ መጀመሪያ ዋጋውንና የሞተሩን ዕድሜ እንድናይ ይመክራል። በተሽከርካሪ ወንበር ለምንንቀሳቀስ ሰዎች ግን ቅደም ተከተሉ ይለያል፤ እኔ ሜትር ሳልይዝ መኪና ለማየት አልሄድም። ወለሉ ከመሬት 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ፣ ለሕንፃ መግቢያ በሚመከረው የ1 ለ 12 ተዳፋት (ለ1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት) ከ7 ሜትር በላይ የሚረዝም መወጣጫ ያስፈልጋል! ማን ይህን ይዞ ይጓዛል? ስለዚህ ሰውን ከነተሽከርካሪ ወንበሩ ወደ መኪናው የሚያነሳ ማንሻ ግድ ይሆናል፤ እርሱም ውድ ነው፣ ክብደቱም ከመኪናው የመጫን አቅም ላይ ይቀነሳል። ማንሻ አስቀድሞ የተገጠመለትን ያገለገለ ቫን መፈለግ ይሻላል፤ ሻጩ ባለበት ተቀምጣችሁበት ደጋግማችሁ ሞክሩት። የአልጋው ከፍታም ከወንበራችሁ መቀመጫ ጋር ይስተካከል። እኔ ይህን ቸል ብዬ በየምሽቱ ስወጣና ስወርድ ትከሻዬን ጎድቻለሁ።