ቁጥር 12 ተይዟል፤ ቡፌ እየመጣ ነው

አዲስ አበባ ውስጥ ከአያት ወዲያ፣ ወደ የካ አባዶ በሚወስደው አቅጣጫ የምንኖር ሰዎች ሰሞኑን ታድለናል። ለዓመታት በቆርቆሮ አጥሩ የእግረኛውን መንገድ ውጦት የቆየው ሕንፃ በመጨረሻ ተጠናቆ ተመርቋል፤ የምርቃቱም ድንኳን እንደ ወጉ አስፋልቱ ላይ ተተክሎ ውሏል። ሰፈርተኛው ሲሰጋባቸው የነበሩት ነገሮች፣ ማለትም የመኪናው መብዛት፣ የማቆሚያው መጥፋትና የታክሲው ሰልፍ መርዘም፣ አንድም ሳይጎድል ስለተፈጸሙ «በዚህ አገር የታሰበ ነገር አይሳካም» እያሉ የሚያማርሩ ሰዎች ሊያፍሩ ይገባል።

ባለንብረቱን አለማመስገን ንፉግነት ነው። ሕንፃው ገና በጅምር ሳለ አጥሩ ላይ ተሰቅሎ የነበረው ሥዕል ምድር ቤቱ የመኪና ማቆሚያ እንደሚሆን ያሳይ ነበር፤ እርሱም ቃሉን አላጠፈም። ማቆሚያውን ሠርቷል፣ ነጭ መስመሩን አስምሯል፣ በየቦታው ቁጥር አስጽፏል፣ ወደ ታች የሚጠቁም ቀስትም አስቀብቷል። የቤት ዕቃ መሸጫ የገባበት ይህ ሁሉ በሥርዓቱ ከተፈጸመ በኋላ ነው።

ቀስቱን ተከትሎ የሚወርድ ሰው የሚያየው ነገር በዝርዝር ሊጻፍለት የሚገባ ነው። የመውረጃው አፍ ላይ «ከፍታ 2.10 ሜትር» የሚል ብረት የተንጠለጠለ በመሆኑ ከዚያ የሚረዝም ቁም ሣጥን ወደ መደብሩ የሚገባው ተፈታትቶ ነው። ከብረቱ ወዲያ ነጩ መስመር አሁንም ጥርት ብሎ ይታያል፤ ሻጮቹም ሥርዓት አክባሪዎች ስለሆኑ ዕቃውን ያሰለፉት መስመሩን ጠብቀው ነው። ቁጥር 11 ላይ አንድ ሜትር ከሃምሳ አልጋ ከነኮመዲኖው ቆሟል። ቁጥር 12 እና 13ን አንድ ሶፋ ብቻውን ይዟቸዋል፤ መኪና ቢሆን ኖሮ በቅጣት ወረቀት የሚያስጌጥ ጥፋት ነበር። ቁጥር 14 ለአካል ጉዳተኞች የተለየ ቦታ በመሆኑ ሰማያዊው የተሽከርካሪ ወንበር ምልክት በመኳኳያ ጠረጴዛው እግሮች መካከል በከፊል ይታያል። እውነቱን ለመናገር አልጋ ከመኪና የተሻለ ጨዋ ነው፤ ጡሩምባ አይነፋም፣ ዘይት አያንጠባጥብም፣ የሌላውን መውጫ ዘግቶ ስልኩን አያጠፋም። ችግሩ የሚመጣው ሲሸጥ ነው። የሚጭነው አይሱዙ ከብረቱ ሥር ማለፍ ስለማይችል አስፋልቱ መሐል ይቆማል፤ የጥበቃ ሠራተኛውም ፊሽካውን ይዞ ይወጣና «ና፣ ና፣ ና፣ ቁረጥ፣ መልስ፣ በቃ!» ማለት ይጀምራል። አይሱዙውን የሚያስቆም የመሰለው መንገደኛ ቀረብ ብሎ ሲያይ ግን፣ ትእዛዙ አልጋውን ተሸክመው ሽቅብ የኋሊት ለሚወጡት ጫኝና አውራጆች ሆኖ ያገኘዋል። ባለፈው ሳምንት ያ ትልቁ ሶፋ ተሽጦ ሁለቱ ቦታዎች ለጥቂት ሰዓት ባዶ ሆነው ነበር። ይህን ያየ አንድ የቪትዝ ባለቤት በየዋህነት ወርዶ መኪናውን ቁጥር 12 ላይ ቢያቆም፣ ሻጩ በትሕትና ቀርቦ «ይቅርታ ጌታዬ፣ ቦታው ተይዟል፤ ቡፌ እየመጣ ነው» አለው።

ቪትዙ ታዲያ የት ሄደ? እንደ ሌሎቹ ሁሉ እግረኛው መንገድ ላይ ወጣ። እግረኛው ወደ አስፋልቱ ወረደ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ባቡር አያት ላይ ስለሚያበቃ ከዚያ ወዲያ ያለው ሕዝብ ተስፋው ታክሲና ባጃጅ ነው፤ እነርሱም ጥጉ በቆሙ መኪኖች የተያዘ ስለሆነ የሚጭኑትና የሚያወርዱት መንገዱ መሐል ላይ ነው።

ሽሙጡ ለጊዜው ይቆየኝ። ጠዋት ጠዋት ዩኒፎርም የለበሱ ሕፃናት ቦርሳቸውን አዝለው፣ ታናሾቻቸውን እጅ ለእጅ ይዘው፣ ጥግ በያዙት መኪኖችና በሲኖትራክ ጎማ መካከል በክንድ ስፋት ክፍተት እየተሹለከለኩ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። የመኪና ማቆሚያውን ለመደብር ያከራየ ሰው በየወሩ የሚቀበለው ገንዘብ የእነዚህ ልጆች መሄጃ የተሸጠበት ዋጋ ነው፤ አይቶ እንዳላየ ያለፈውም ሰው የሽያጩ ምስክር ነው። ነውር ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ወደ ምስጋናችን እንመለስ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ማንም ያለ ፈቃድ ግንባታ እንዳይጀምር ሲደነግግ፣ ተቆጣጣሪዎቻችን ነገሩን በቅንነት ተረድተው ሕንፃውን በየጊዜው ጎብኝተውታል። አንገታቸውን ወደ ላይ አቅንተው ፎቁን ይቆጥራሉ፣ ይመዘግባሉ፣ ይሄዳሉ። ወደ ታች ማየት በሥራ ዝርዝራቸው ውስጥ የለም መሰል። በ20/80 እና በ40/60 የጋራ መኖሪያ ቤቶች ላደገች ከተማ ክፍልፋይ አዲስ ነገር ባይሆንም፣ መዋቅራዊ ፕላኑ መሬቱን 30 በመቶ ለመንገድ፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴ ቦታ፣ 40 በመቶ ለግንባታ ደልድሎ ሲያስጨንቀን፣ ሰፈራችን ሦስቱን በአንድ ቦታ ማዋሐድ ችላለች፦ መንገዱ ላይ የግንባታ አሸዋ ተቆልሏል፣ አሸዋው ላይ ሣር በቅሏል።

ነዋሪውንም መዝለል አድልዎ ይሆናል። ስለ ሕንፃው ለመምከር በተጠራው ስብሰባ ላይ «መንገድ የሕዝብ ነው!» ብለው ጠረጴዛ እየደበደቡ የተናገሩት የተከበሩ አባት፣ በራቸው ላይ በሲሚንቶ የተሞላ የቀለም በርሜል ተክለው፣ በርሜሉ ላይ የብረት ምሰሶ አቁመው፣ ምሰሶውን በሰንሰለት ከአጥራቸው ጋር ቆልፈውታል። ሲጠየቁ ለኮብልስቶኑ ገንዘብ ማዋጣታቸውን ያስታውሳሉ፤ ያላዋጣ ሰው አለመኖሩን ግን አያስታውሱም። ጎረቤታቸው አሮጌ ጎማ አስቀምጧል። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ደግሞ ድንጋይ አስቀምጦ ድንጋዩ ላይ የመኪናውን ታርጋ ጽፎበታል፤ ድንጋዩ እስካሁን ቦሎ አላወጣም።

አሁን ደግሞ ከዚያው ሕንፃ ፊት ለፊት ሌላ ቆርቆሮ አጥር ቆሟል። የተሰቀለው ሥዕል ባለ 9 ፎቅ ሕንፃ ከሁለት ምድር ቤት ጋር ያሳያል። ሰፈርተኛው ከወዲሁ ውርርድ ጀምሯል፦ ግማሹ አንደኛው ምድር ቤት ጂም፣ ሁለተኛው ሳውና ይሆናል ይላል፤ የቀረው ደግሞ በመካከላቸው ጭፈራ ቤት መኖሩ አይቀርም ባይ ነው። መኪና ይቆምበታል ብሎ ገንዘቡን ያስያዘ ሰው ግን እስካሁን አልተገኘም፤ የጎማው ባለቤት እንኳ ሁለተኛ ጎማ ገዝቶ መጥቷል።