ዳኛው “እርሱት” ስላለ ጁሪው ይረሳል እንዴ?

የተጎዳ ከሳሽ ጠበቃ ማጠቃለያ ንግግሩ ላይ ወደ ጁሪዎቹ፣ ማለትም ፍርድ እንዲሰጡ ወደተመረጡት ተራ ዜጎች፣ ይዞርና “እስቲ ይሄ እግር የእናንተ ቢሆን ስንት ካሳ ይበቃችኋል?” ይላል። አሜሪካ ውስጥ ይሄ ‘ወርቃማው ሕግ’ የሚሉት ክርክር ነው፣ ክልክል ነው፣ ምክንያቱም ጁሪው ፈራጅ መሆኑ ይቀርና ባለጉዳይ ይሆናል። ጠበቃው ክልክል መሆኑን አያውቅም እንዳትሉኝ፣ በደንብ ያውቃል። የአሜሪካ ጠበቆች ማህበር የስነምግባር ደንብ 3.4 ማስረጃ የሌለውን ነገር አታንሳ፣ በምስክር እውነተኝነት ላይ የግል አስተያየትህን አትስጥ ይላል። ግን ቢናገርስ ምን ይመጣበታል? የሌላኛው ወገን ጠበቃ ይቃወማል፣ ዳኛው ጁሪውን “እርሱት” ይላል፣ አለቀ።

እኔን በጣም የሚያንገበግበኝ የዛኛው ጠበቃ ጣጣ ነው። ብድግ ብሎ ቢቃወም ያቺኑ ቃል መልሶ ለጁሪው ማስታወስ ነው፣ የሚደብቀው ነገር ያለም ያስመስልበታል፣ ዝም ካለ ደግሞ ይግባኝ ላይ “በሰዓቱ ለምን አልተቃወምክም” ይባላል፣ በቃ በሁለቱም በኩል የሚጎዳው ያላጠፋው ሰው ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ ማን ይመልሰዋል? የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሮበርት ጃክሰን በ1949፣ የወንጀል ጉዳይ ላይ ቢሆንም፣ ዳኛ ለጁሪው የሚሰጠው ማሳሰቢያ እንዲህ ያለውን ጉዳት ይሽራል የሚባለው ጠበቃ ሁሉ የሚያውቀው ፈጠራ ነው ብሎ ነበር።

መፍትሄው አዲስ አይደለም። በ1929 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የኒውዮርክ ሴንትራል ባቡር ኩባንያን ጉዳይ አየ፣ ኩባንያው የከሳሿ ህመም ከአደጋው ሳይሆን ከቂጥኝ ነው ብሎ ተከራክሯል፣ የሷ ጠበቃ ደግሞ ኩባንያውን “የምስራቅ ባቡር” እያለ ከሩቅ መጥቶ ሊያዋርዳት ነው በሚል ጁሪውን አስቆጣ። ፍርዱ ተሻረ። ደስ የሚለኝ ግን ምክንያቱ ነው፣ ተቃውሞው በደንብ ባይቀርብ እንኳን የችሎቱ ዳኛ ራሱ ማስቆም ነበረበት አለ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ።

ታዲያ ዛሬ ዳኛ ለምን “ተቃውሞ አለ?” እያለ ይጠብቃል? ወዲያው ያስቁመው፣ ጁሪው እየሰማ “ይሄ ማስረጃ የለውም” ይበለው። ክርክሩ እንደ አዲስ ይጀመር ከተባለ ደግሞ አመታት የጠበቀ ባለጉዳይ እንደገና ምስክር ሊያቀርብ፣ ለባለሙያ እንደገና ሊከፍል ነው። የፌደራሉ ሕግ ሙግቱን ያለአግባብ ላበዛ ጠበቃ ትርፍ ወጪውን ከራሱ ኪስ ማስከፈል ይፈቅዳል፣ ዳኞች ይጠቀሙበት፣ ደንበኛው እኮ ያንን ንግግር አልተናገረም።