ባች ይለምልም!

ባለፈው ሐሙስ ሌሊት ስልኬ ሲንጫጫ አደረ። የባች ግሩፓችን ነው። ስሙ «88 ባች፣ የማይበጠስ ፍቅር» ይባላል። ጉዳዩም አጣዳፊ ነበር። በ30ኛ ዓመት የራት ግብዣችን ላይ የምንለብሰው ቲሸርት ኮሌታ ይኑረው ወይስ አይኑረው? እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት አልተወሰነም። ሊነጋጋ ሲል አንዱ «ለምን ኮፍያ አንጨምርም?» አለና ነገሩ እንደ አዲስ ተጀመረ።

እናንተም የዚህ ዓይነት ግሩፕ ውስጥ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ድምፁን ዘግታችሁታል። መውጣት ግን አልደፈራችሁም፤ «እገሌ ግሩፑን ለቀቀ» የምትለዋን መስመር ፈርታችሁ። ስለዚህ ማማረሩን ለእናንተ ልተውና እኔ ዛሬ ላመስግን። አመስጋኝ ጠፍቷል።

የኛ ፍቅር ልዩ ነው። ለሃያ ምናምን ዓመት መንገድ ላይ ድንገት ስንተያይ ስልክ የምናወራ መስለን የምንተላለፍ ሰዎች፣ ዛሬ በየጠዋቱ ጽጌረዳ እንላላካለን። ጽጌረዳዋ ላይ ጤዛ አለ፤ ከሥሯ «መልካም ቀን» ተጽፏል። ለምሳ ሰዓት የነጭ ሽንኩርትና የማር መድኃኒት ይደርሰናል። ኩላሊት ያጥባል፣ ስኳር ያወርዳል፣ እንቅልፍ ያመጣል። የሚልክልን የአካውንቲንግ ምሩቅ ነው። ማታ ደግሞ «ይህን ለ10 ሰው ያላስተላለፈ» የሚል እርግማን ቢጤ ይመጣና አሜን ብለን እንተኛለን።

የትውውቁ ሰሞንማ እንዴት ያምር ነበር! «እስቲ ሁላችንም የት እንደደረስን እንባባል» ተባለ። እንዴት ነህ፣ ደህና ነሽ ያለ የለም፤ ምን ያደርጋል? ዶክተሩ ዶክተርነቱን፣ ዳይሬክተሯ ዳይሬክተርነቷን ጻፉ። ከሥራ የተባረረው «የራሴን ቢዝነስ እያንቀሳቀስኩ ነው» አለ። ቨርጂኒያ ያለው ከመኪናው ጋር የተነሣውን ፎቶ ላከ፤ መኪናው ከእሱ ይልቅ አምሮበታል። ስሙን ብቻ የጻፈ ሰው አልነበረም። አይ፣ አንድ ነበር። እመለስበታለሁ።

ስብሰባችንም የሚደነቅ ነው። በዙም «ቅዳሜ 2 ሰዓት» ተባለ። የአዲስ አበባው ወገን ሻይውን ይዞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ገባ። የሜሪላንዱ በራሱ ሰዓት፣ ምሳውን በልቶ ገባ። የዱባዩ ደግሞ ከሁለቱም በተለየ ሌላ ሰዓት። ማንም ከማንም አልተገናኘም። ሦስቱም ግን ስብሰባው የተሳካ እንደነበር የሚገልጽ ቃለ ጉባኤ ልከዋል።

ከሁሉ የምኮራው ግን በሊቀመንበራችን ነው። ስለ እሱ ትንሽ ላውራችሁ።

ሊቀመንበራችን የኛ ባች አይደለም።

ሰውዬው የተመረቀው በ1980 ዓ.ም. ነው። ወዲያው አሜሪካ ሄደና ዓመቱን በፈረንጅ መቁጠር ለመደ። በፈረንጅ ደግሞ 1988 ይመጣል። «88 ባች» የሚል ግሩፕ ሲያይ እንባ በዓይኑ ሞልቶ ገባ። እኛ የተመረቅነው በ1988 ዓ.ም. ነው፤ በእሱ ቆጠራ 1996 ላይ መሆኑ ነው። እሱ ጋዋን ለብሶ ፎቶ ሲነሣ እኛ ለስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ እየተዘጋጀን ነበር።

«ሰላም ባቾቼ! አስታወሳችሁኝ?» አለ በመጀመሪያው ቀን። እንዲህ ተብሎ ተጠይቆ ማን «አላስታወስኩህም» ይላል? «አንተ ቀልደኛው! እንዴት ትረሳለህ!» አለው አንዱ። «ጊታር ትጫወት አልነበር?» አለች ሌላዋ። ጊታር በእጁ ነክቶ አያውቅም። ቢሆንም «ወይ ጊታሬ!» ብሎ መለሰላት። የዶርም ቁጥሩን የሚያስታውሱ ሦስት ሰዎች ተገኙ። ሦስቱም የተለያየ ቁጥር ነገሩት። ሦስቱንም አመሰገነ።

አንድ ቀን ረዘም ያለ ትዝታ ጻፈ። በደርግ ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለሰፋሪዎች ጎጆ ሊሠሩ ወደ ጋምቤላ ተልከው ነበር፤ እሱም ሣር ሲያጭድ ወባ እንደያዘው አወራን። ያን ጊዜ እኔ ብይ እጫወት ነበር። የባቾቼ መልስ ግን ጎረፈ። «ወይ ጋምቤላ!» «የወባውን ነገርማ አታንሣው!» አንዱማ «ያቺን ጎጆ ያቆምናት አብረን አይደል እንዴ?» አለ። ጎጆ ቀርቶ ድንኳን ሲያቆም ያየው ሰው የለም። እንባ፣ ልብ፣ የተጣመሩ እጆች ግሩፑን ሞሉት።

በሌላ ቀን ደግሞ ምደባን አነሣ። በእሱ ጊዜ ተመራቂውን ሥራ ላይ የሚመድበው መንግሥት ነበር። እኛ ስንወጣ ያ ነገር ቀርቶ፣ ሲቪያችንን ይዘን ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ነበር የምንውለው። ቢሆንም «ምደባ ሲወጣ ያለቀስኩት ልቅሶ አይረሳኝም» ያለች እህት አለችን። እኔ የማውቀው የመጀመሪያ ሥራዋን ያገኘችው በአጎቷ በኩል መሆኑን ነው።

በቪዲዮ ሲታይ ከኛ ጠና ይላል። «ስደት ያስረጃል» ብለን አዘንንለት።

እኔ ጠርጥሬ በግል ጻፍኩለት። «የገባኸው መቼ ነበር?»

«77 ነዋ! አንተስ?»

«85።»

ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ፣ «ማትሪክ ስንቴ ነው የወሰድከው?» አለኝ። አስከትሎም «አይዞህ፣ ዋናው መጨረስ ነው» ሲል አጽናናኝ።

ላጋልጠው አስቤ እንዳይመስላችሁ። የት ተገኝቶ እንዲህ ያለ ባች! ልደት አይረሳም፤ ለቀብር የአበባ ጉንጉን ያስልካል፤ ለሰርግ ይመርቃል። ሊቀመንበር የሆነውም በሙሉ ድምፅ ነው። ይህን በመጻፌ ደግሞ የሚነቃ የለም። የኛ ባች ከጽጌረዳዋ ሥር ካለው ጽሑፍ የረዘመ ነገር አያነብም።

ስሙን ብቻ ወደጻፈው ልጅ ልመለስ። «አስተምራለሁ» ከማለት በቀር ምንም አልጨመረም። ገጠር ያለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነው። አንድ ማታ ግሩፑ ላይ ጠየቀ፤ የ12ኛ ክፍል አጋዥ መጽሐፍ፣ አሮጌም ቢሆን፣ ለተማሪዎቹ የሚሰጥለት ሰው ፈልጎ። ሁሉም አየው። ጽጌረዳ መጣችበት። ሌላ ጽጌረዳ ደገመችበት። ከዚያ የራቱና የቲሸርቱ መዋጮ ተነገረ። የከፈለ ደረሰኙን ይለጥፋል፤ ባልከፈለው ስም አጠገብ ባዶ ሳጥን ይቀመጣል። የመምህሩ ሳጥን ለሁለት ሳምንት ባዶዋን ተቀመጠች። አንድ ቀን ሹልክ ብሎ ወጣ። «የት ሄደ?» ያለ የለም። የመውጣቱን መስመር የቲሸርት ሳይዝ ዝርዝር ሸፈናት።

እዚህ ላይ ሽሙጡ ይቅር። ይህ ሰው በእውነት ከኛ ጋር ነበረ። ስታትስቲክስ አልገባን ብሎ ስንጨነቅ፣ መብራት ሲጠፋ በሻማ ያስጠናን እሱ ነው። ዛሬ ማዕረጋቸውን የደረደሩት ግማሾቹ በእሱ ማስታወሻ ነው ያለፉት። ደግሞ ሁላችንም በዚያ ግቢ በነፃ በልተን፣ በነፃ ተኝተን ነው የወጣነው። ወጪ መጋራት የሚባለው የመጣው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ እኛ ከወጣን ከስንት ጊዜ በኋላ። ሽሯችንን የከፈለልን ገበሬ ልጁን ዛሬ ወደማን ነው የሚልከው? ወደዚያ መምህር! ለኮፍያ ሌሊቱን ሙሉ የሚከራከር ሰው አንድ አሮጌ መጽሐፍ ከመደርደሪያው ማውረድ ያቅተዋል? ባዶ ሳጥን ስሙ አጠገብ አስቀምጦ ያሳፍረዋል? ነውር ነው። ሌላ ስም የለውም።

ይቅርታ፣ ምስጋናዬን አቋረጥኩ።

ኮሚቴያችን አሁን የትዝታ መጽሔት እያዘጋጀ ነው። ለሽፋኑ የድሮ ፎቶ ይፈለጋል ተባለ። አንዷ ስድስት ኪሎ በር ላይ የተነሣነውን አገኘች። ቀለሙ ለቋል፤ ሱሪያችን ሁሉ ሰፊ ነው። ከኋላ የቆመው ልጅ ግማሽ ፊቱ በሰው ትከሻ ተሸፍኗል። «ይሄ ማነው?» ተባለ። ግምቱ ዘነበ። በመጨረሻ አንዱ «ሊቀመንበራችን አይደል እንዴ? ጊታር ቢይዝ ኖሮ ወዲያው እንለየው ነበር!» አለ።

ሊቀመንበሩ ፎቶውን አጉልቶ ሳያየው አልቀረም፤ መልሱ ትንሽ ዘገየ።

«እኔው ነኝ» አለ። «ያኔ ቀጭን ነበርኩ።»

መምህሩ ነው። ፎቶው በሙሉ ድምፅ ለሽፋኑ ጸድቋል።