ሰውየው ይረፍ፣ ደሙ ይጓዝ

የአክስቴ ልጅ የእህቱን ኩላሊት ከተቀበለ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። የመንዝ ልጅ ነው። ወደ መሐል ሜዳ ሲመለስ ድንኳን ተጥሎ፣ በግ ታርዶ ነበር የተቀበልነው። ያን ቀን “በቃ ተገላገልክ” ያላለው ሰው የለም። እኔም ብያለሁ። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ንቅለ ተከላ ከእጥበት ይገላግላል እንጂ ከሐኪም አይገላግልም። ሰውነት የእህትም ይሁን የወንድም፣ የገባበትን ኩላሊት እንደ እንግዳ ነው የሚያየው። እ.ኤ.አ. በ1954 ቦስተን ላይ የመጀመሪያው ንቅለ ተከላ የተሳካው ለጋሹና ተቀባዩ ፍጹም የሚመሳሰሉ መንትዮች ስለነበሩ ነው። የእኛ ሰው መንታ የለውም። ስለዚህ የሰውነቱን መከላከያ የሚያዳክም ኪኒን ዕድሜ ልኩን ይውጣል፤ ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 2 ሰዓት።

ዋናዋ ኪኒን ታክሮሊመስ ትባላለች። አመለኛ ናት። መጠኗ በደም ውስጥ ሲያንስ ሰውነት ኩላሊቱን ይገፋዋል። ሲበዛ ደግሞ ራሷ ኩላሊቱን ትጎዳለች፣ እጅ ታንቀጠቅጣለች፣ ስኳርና ደም ግፊት ታመጣለች። መጠኗ ከፍ ዝቅ የሚልበት ሰው ኩላሊቱን ቶሎ የማጣት ዕድሉ ሰፋ እንደሚል ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ለዚህ ነው በየጊዜው ደም እየተቀዳ የምትለካው። የሚቀዳውም የጠዋቷ ኪኒን ሳትዋጥ ነው።

እንግዲህ የኛን ልጅ አስቡት። ከመሐል ሜዳ ተነስቶ ደብረ ብርሃን እኔ ጋ ያድራል። ሌሊት 10 ሰዓት ከቤት ወጥቶ፣ ያንን ብርድ ችሎ፣ 130 ኪሎ ሜትር ይነዳል፤ አዲስ አበባ። ኪኒኗ ኪሱ ውስጥ ናት። ወረፋ ካለ 4 ሰዓት ይሆናል፤ መንገድ ከተዘጋ ጭራሽ አይደርስም። አንድ ቀን ደውሎ “ጋሼ፣ ልዋጣት ወይስ ልጠብቅ?” አለኝ። እኔ ምን አውቃለሁ!

ባለፈው ዓመት ደግሞ ሳል ያዘው። ሌሊት ሌሊት ያልበዋል። ቅርቡ ካለ ጤና ተቋም ሄደ፤ ቲቢ ሆኖ ተገኘ። መከላከያው ለተዳከመ ሰው ይሄ የሚጠበቅ ነው። እንደማንኛውም በሽተኛ የተለመደው መድኃኒት ተጀመረለት። ውስጡ ግን ሪፋምፒሲን አለ። ሪፋምፒሲን ጉበት ታክሮሊመስን ቶሎ ቶሎ እንዲሰባብር ያደርጋል። ልጁ ኪኒኑን አንድም ቀን ሳያጓድል፣ ከደሙ ውስጥ መድኃኒቱ ተሟጠጠ። በሦስተኛው ሳምንት እግሩ አበጠ። ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ የሚጨምረው ክሪያቲኒን ከ1.2 ተነስቶ 2.9 ገባ። አዲስ አበባ ደርሶ የታክሮሊመሱ መጠን በብዙ እጥፍ ተጨምሮለት፣ በየጥቂት ቀኑ እየተለካ ነው ኩላሊቱ የተረፈው።

የቲቢ መድኃኒቱን የጀመረችለትን ነርስ አልወቅሳትም። በሥራ ዘመኗ ስንት ኩላሊት የተተከለለት ሰው አይታ ታውቃለች? በአገራችን ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረው እኮ እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ግን ከሆስፒታል ሲወጣ “ማንኛውንም አዲስ መድኃኒት ከማዘዛችሁ በፊት በዚህ ቁጥር ደውሉ” የሚል ካርድ ኪሱ ቢገባ ምን ነበረበት?

ትልቁ ጥያቄዬ ግን ሌላ ነው። ሰውየው ለምን ይጓዛል? ለታክሮሊመስ ምርመራ የተቀዳ ደም ቅዝቃዜ ካገኘ ለቀናት አይበላሽም። ደብረ ብርሃን ደግሞ በቅዝቃዜ አትታማም። የቲቢ አክታና የኤች አይ ቪ ናሙና በፖስታ ቤት በኩል ከወረዳ ወደ ላቦራቶሪ ሲሄድ ዓመታት ተቆጥረዋል። ይኼ ደም ለምን ይቀራል? ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ደብረ ብርሃን ይቀዳ፣ የመጨረሻዋ ኪኒን የተዋጠችበት ሰዓት ብልቃጡ ላይ ይጻፍ፣ ልጁ ኪኒኑን ውጦ ቁርሱን ይብላ። ውጤቱ በስልክ ይነገረው። “ጥቂት ሰው ነው፣ ለጥቂት ሰው ይሄ ሁሉ?” የሚል ይኖራል። ጥቂት ከሆነ ወጪውም ጥቂት ነው።

ምርምርም ከዚህ ቢነሳ እወዳለሁ። ስለነዚህ መድኃኒቶች የምናውቀው አብዛኛው ነገር የተጠናው ቲቢ ብርቅ በሆነበት፣ ጥሬ ሥጋ በማይቆረጥበት፣ እስከ 9 ሰዓት በማይጾምበት አገር ነው። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎች የመመረቂያ ርዕስ ሲያጡ አይቻለሁ። ይኸው ርዕስ፦ አዲስ አበባ በሚኖረውና ከመንዝ በሚመላለሰው መካከል የመድኃኒቱ መጠን ምን ያህል ይለያያል? መዝገብና ትዕግሥት ነው የሚፈልገው።

ለነገሩ የጾሙን ጉዳይ የነፍስ አባቱ ቀድመው ፈትተውታል። “ጸበሉንም ጠጣ፣ ኪኒኑንም በሰዓቱ ዋጥ” አሉት። ጥሬ ሥጋውን ነው መተው ያቃተው። በፋሲካ ዕለት እህቱ አጠገቡ ተቀምጣ ነበር የምትጠብቀው፤ “የኔን ኩላሊት ነው የምታበላው” እያለች።

ሐሙስ ቀጠሮ አለው። ረቡዕ ማታ እኔ ጋ ያድራል፤ ብርድ ልብስ አውጥቻለሁ።